ሽንኩርት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ መብራት ሲጠፋ የእድራችን ሰዎች እንደ ልማዳቸው በስልክ ግሩፑ ላይ ማማረር ጀመሩ። አንዱ ትራንስፎርመሩ ተቃጥሏል አለ፤ አንዷ ለአዲሶቹ ቤቶች መስመር ሲያስገቡ የእኛን በጥሰውት ነው አለች፤ ሌላው ወደ መብራት ኃይል ሲደውል ስልኩን እንደዘጉበት ጻፈ። አሁን ከምንኖርበት ከዘንዘልማ ወደ ከተማ በባጃጁ የሚያመላልሰን የጎረቤቴ ልጅ ግን አንድ ቃል አልጻፈም። አንድ ስቲከር ብቻ ላከ። ሹሩባዋ በአንድ በኩል የተፈታ፣ አፏ የተከፈተ፣ እንባዋ አገጯ ላይ የተንጠለጠለ የትንሽ ልጅ ፊት ነው። ሰዉ ሁሉ የሳቅ ምልክት ደረደረለት። ሰባን ያለፉት የእድሩ ዳኛ ሳይቀሩ ሳቁ። እኔም ግሩፑ ውስጥ አለሁ፤ ልጅቱም ልጄ ናት።

ልጁን አልተቀየምሁትም። ምስሉ የተወሰደበት ፊልም ሲሠራ እሱ አልተወለደም፤ ያችን ፊት የሚያውቃት የሚደግፈው ቡድን ሲሸነፍ፣ የጤፍ ዋጋ ሲጨምር፣ የፈተና ውጤት ሲበላሽ እንደሚላክ ነገር ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ ከባጃጁ ጀርባ አስለጥፎ የሚዞርም አይቻለሁ። ሰው በማያውቀው ኀዘን ቢስቅ ኃጢአቱ ቀላል ነው፤ የሚፈረድበት አውቆ የሳቀ ነው። መነጽሬን አድርጌ ስልኩን ወደ ዓይኔ ሳስጠጋው ግን፣ ስልክ ሽታ እንደሌለው እያወቅሁ፣ የረጠበ ደንገል ሸተተኝ፤ በሐይቁ ዳር በቅሎ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ሲደርቅ ውሎ እንደገና ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ያ ሣርና ዓሣ የተቀላቀለበት ሽታ። ከምስሉ በስተግራ፣ ከልጅቱ ትከሻ አጠገብ፣ አንድ ጥቁር ነገር አለ። ወጣቶቹ የዛፍ ግንድ ወይም የታንኳ ጫፍ ይመስላቸው ይሆናል። የእኔ ኮት እጅጌ ነው።

እኔ የይፋግ ገበሬ ልጅ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ ከዛፍ ሥር ነው። ዳዊት ሳልጨርስ አባቴ ሞተና ወደ ባሕር ዳር መጥቼ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ ሰው የለም። ስኳር የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ፣ ከመድኃኒት ጋር ተጣጥፎ የሚመጣውን ወረቀት፣ የማሽኖቹን መመሪያ እያነበብሁ ራሴን አስተማርሁ። ጋዜጣው ሁልጊዜ የተቀደደ ስለነበር የብዙ ወሬ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አላውቅም። መካኒክ ሆኜ ስሾምም ያስተማሩኝ ማሽኖቹ ናቸው። ማሽን ይሉኝታ የለውም፤ ክሩ ከተበጠሰ ተበጥሷል፣ ዘይቱ ካለቀ አልቋል፣ ለአለቃ ብሎ ደህና ነኝ አይልም። ይህን ወደድሁና ወደ ቤቴ አስገባሁት። በእኔ ቤት ውሸት አይነገርም አልሁ፤ ትንሹም፣ ለእንግዳ ክብር ሲባልም ቢሆን።

ቤታችን እዚያው ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ነበር፤ ሁለት ክፍል፣ ከፊቱ አንድ የዘይቱን ዛፍ ያለው። ባለቤቴ የሻረግ ትባል ነበር፤ ሳቂታ፣ ለሰው የምታዝን፣ በእኔ ሥርዓት ብዙ የተሸማቀቀች ሴት። እንግዳ ሲመጣና እኔ ሰው ማየት ሳልፈልግ ስቀር፣ የሌላ ሰው ልጅ «አባባ የለም» ብሎ በሚገላገልበት ቦታ፣ የእኛዋ አትጠገብ በር ላይ ቆማ «አለ፤ ግን ዛሬ ላያችሁ አልፈልግም ብሏል» ትላለች። የየሻረግ ወንድም በዚህ ተቀይሞ ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጠም። አንዲት ጎረቤት ወጥ የሰጠችንን ዕቃ ስትመልስላት «እናቴ ጣፍጦናል በያት ብላኝ ነበር፤ እኛ ግን አልበላነውም» አለቻት። የሻረግ እንዲህ ያለውን በሰማች ቁጥር ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዝና፣ እኛ ቤት ደፍሮ የሚመጣ ሰው ጀግና ነው ትል ነበር። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር። ልጄ እንደ ውኃ ልክ ቀጥ ያለች ነበረች።

ሁለተኛ ክፍል ሳለች ለወላጆች ቀን ቴአትር ተመረጠች። የሰው ዶሮ ሰርቃ የምትክድ ልጅ ሁና ትጫወታለች ተባለ። ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ሳታስቀምጥ «አባ፣ ቴአትር ውሸት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ማሽኑ ሥር ተኝቼ ብሎን ሳጠብቅ ስለ ጥያቄዋ ሳስብ ሰነበትሁ። በኋላ አስቀምጬ፣ የሚያየው ሰው እውነት አለመሆኑን ካወቀ ውሸት አይደለም፣ ምሳሌ ነው፣ ጌታም በምሳሌ አስተምሯል፤ የሚያየው ሰው ከተታለለ ግን ውሸት ነው አልኋት። ሕግ አድርጋ ያዘችው። ልጅ አባቱ የነገረውን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝ አባት ቢያውቅ ኖሮ ጥቂት ነበር የሚናገረው።

በዚያ የወላጆች ቀን ያያት ደርበው የሚባል ሰው ነው። ያኔ ሠላሳ ያልሞላው፣ በባሕር ዳር ሙቀት ሻርፕ የማይለየው፣ ከትምህርት ቤት ልጆችና ከመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የቴአትር ቡድን ያቋቋመ አዘጋጅ ነበር። ቤታችን መጥቶ ለመነን። እኔ አንገራገርሁ፤ የሻረግ ግን ዓይኗ ሲበራ አየሁትና እሺ አልሁ፤ ልጄ ማንንም እንዳታታልል ብቻ ብዬ። ደርበው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቃል ገባልኝ። የሻረግ ከፋብሪካው በሚሸጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ የመድረክ ልብሷን ትሰፋላት ጀመር።

ስለ ወባ፣ ያለ ዕድሜ ስለሚደረግ ጋብቻ እያሳዩ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ የገበያ ቦታዎች ዞሩ። አንድ ጊዜ አትጠገብ ሙሽራ ሁና፣ ጥጥ ጢም የተለጠፈለት የኮሌጅ ተማሪ ሽማግሌ ሙሽራ ሁኖ ሲጫወቱ፣ ሽንኩርት ልትሸጥ የመጣች አንዲት ሴት ሰዉን ገፍታ መድረኩ ላይ ወጣችና «አንተ ግም ሽማግሌ፣ የልጅ ልጅህን ነው የምታገባ?» ብላ በጥፊ አጮለችው። ጢሙ በርሮ ከታች ቁጭ ካለ ሰው ጋቢ ላይ አረፈ። ገበያው በሳቅ ሲፈርስ ልጄ አልሳቀችም። ሴትዮዋ ተታልላለችና ነገሩ ውሸት ሁኗል፤ ስለዚህ የሴትዮዋን ነጠላ ጎትታ «እማማ፣ ተማሪ ነው እኮ፤ ጢሙ ጥጥ ነው» አለቻት። ሴትዮዋ አፍራ ለደርበው አንድ ትልቅ ዘለላ ሽንኩርት ሰጥታው ወረደች።

ሽንኩርቱም ሥራ አገኘ። አትጠገብ ማልቀስ አትችልም ነበር። ያላዘነች ልጅ እንዴት ታልቅስ? የሻረግ አሳዛኝ ነገር አስቢ ብትላት፣ ምንም አሳዛኝ ነገር የለኝም አለች፤ እውነቷንም ነበር። ስለዚህ ሽንኩርት ቆርጠው ከዓይኗ ሥር ያሻሹላት ጀመር። ቴአትሩ ሲያልቅ እናቶች መጥተው አቅፈው «አይዞሽ የኔ ልጅ» ሲሏት፣ አፍንጫዋን እየጠረገች «ሽንኩርት ነው» ትላቸዋለች። ይህ በከተማው ተወራ፣ ቀልድ ሆነ። መንገድ ላይ «ሽንኩርቷ!» እያሉ ይጠሯታል፤ ባለሱቁም፣ ጋሪ ነጂውም፣ የፋብሪካ ጓደኞቼም «እስቲ አልቅሽልን» ይሏታል፤ እሷም «ሽንኩርት አልያዝሁም» ትላለች፤ ይስቃሉ። ሳቃቸው ያኔ ክፋት አልነበረበትም። ወይም ነበረበትና እኔ አላየሁም።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በብስክሌቴ በሐይቁ ዳር እንሄድ ነበር፤ አትጠገብ ከፊት ብረቱ ላይ፣ የሻረግ ከኋላ በጎኗ ተቀምጣ፣ እኔ እንደ ጭነት በቅሎ እያላብሁ። ማንጎ ከዛፉ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ድምፅ፣ ይብራ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች ውኃው ላይ እንደ ሹማምንት ከንፈራቸውን ጥለው መቀመጣቸው፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ የምንበላው የተጠበሰ ዓሣ፤ ዓሣው ሲያልቅ ዘይት የጠጣውን ጋዜጣ እኔ ሳነብ የሻረግ «ዛሬስ መጨረሻ አለው?» ትለኛለች። ደስታ ሲኖር ቁጭ ብሎ እንደማይታይ ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን ለማንም አልጠቀመ።

በሦስተኛው ዓመት ደርበው ከአዲስ አበባ ካሜራ ተከራይቶ ፊልም ጀመረ። ታሪኩ አጭር ነው። አንዲት የታመመች እናት ልጇን ዳር ላይ ትታ በደሴት ወዳለ ገዳም ለጠበል ትሄዳለች፤ ልጅቱ በየቀኑ እየመጣች ትጠብቃታለች፤ በመጨረሻ የእናቲቱን አስከሬን የጫነ ታንኳ ይመለሳል። ልጅቱ አይታ ማልቀስ አለባት። ይህቺ የመጨረሻዋ ትዕይንት እምቢ አለች። መድረክ ላይ ከሩቅ የሚበቃው የሽንኩርት እንባ ካሜራ በቅርብ ሲያየው ባዶ ሆነ። ደርበው «ዓይኗ ያለቅሳል፣ ፊቷ አያለቅስም» ይል ነበር። ደገሙት፣ ደጋገሙት። ባለታንኳዎቹ ዓሣችን አመለጠን ብለው አጉረመረሙ፣ ካሜራው ሊመለስ ነው ተባለ፤ አትጠገብም የሰው ሥራ እንዳበላሸች አስባ አፍራ ቤት ትገባ ነበር።

በዚያው ሳምንት የሻረግን ወባ ጣላት። ወባ በእኛ አገር ይመጣል ይሄዳል፤ እንደ ሌላው ጊዜ መስሎን ዘገየን፤ ሆስፒታል ስትገባ ጭንቅላቷ ላይ ወጥቶ ነበር። ልጅቱን ከፊልሙ ላስቀራት ብል፣ የሻረግ ራሷን ባወቀች ጊዜ «ተዋት፣ ትጨርስ፤ እኔ ስድን አየዋለሁ» አለችኝ። ልጅቱም ቀን ሐይቁ ዳር እየዋለች፣ ወደ ማታ ላይ እየመጣች የእናቷን እግር ትይዝ ነበር። አንድ ቀን ማለዳ፣ አትጠገብ ወደ ሥራዋ ከሄደች በኋላ፣ የሻረግ አረፈች።

ከሆስፒታል ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤታችን መሪጌታ ጥበቡ እድርተኛውን ሰብስበው ድንኳን እያስተከሉ ጠበቁኝ። የተማሩ፣ ለስላሳ ሰው ነበሩ። ልጅቱን ማን ያምጣት ሲባል እኔ አልሁ። ወደ ጎን ወሰዱኝና የመርዶን ሥርዓት ነገሩኝ፤ የማላውቅ ሆኜ ሳይሆን ስለሚያውቁኝ። መርዶ በመንገድ፣ በቁም፣ በባዶ ሜዳ አይነገርም። ሰውየው ወደ ቤት ይጠራል፤ ይቀመጣል፤ በግራ በቀኙ የሚይዙት ሰዎች ይቀመጣሉ፤ ውኃ ይቀርባል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚነገረው፤ ሥጋ በድንገት ይወድቃልና። እስከዚያው ድረስ «ትንሽ አሟት ነው፣ ትጠራሻለች» ይባላል።

«እናትሽ ትጠራሻለች በልና አምጣት» አሉኝ።

«የሞተ ሰው አይጠራም፣ መሪጌታ።»

«ልጄ፣ ይኼ ውሸት አይደለም። መሸከሚያ ነው» አሉኝ።

ብስክሌቴን ይዤ ሄድሁ። የሥራ ኮቴን ደርቤ ነበር፤ ጥቁሩን። መንገዱን ሁሉ የማስበው ካልጠየቀችኝ ዝም ብዬ አመጣታለሁ እያልሁ ነው። ዝምታ ውሸት አይደለም። ሐይቁ ዳር ስደርስ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ታንኳው ከሩቅ እየመጣ፣ ካሜራው ሦስት እግሩ ላይ ቆሞ፣ ልጄ ደንገሉ መካከል ከታች ተቀምጣ። አየችኝና ሮጣ መጣች። የተቆረጠ ሽንኩርት በእጇ ይዛለች።

«አባ፣ እናቴ ተሻላት?»

ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ ያየናል። እኔ ብስክሌቱን ይዣለሁ።

«አልተሻላትም። ዛሬ ጠዋት አረፈች» አልሁ።

መጀመሪያ አላለቀሰችም። ምሳሌ መሆኑን ልትለይ ፊቴን መረመረችው። «እውነት?» አለችኝ። «እውነት» አልኋት። ሽንኩርቱ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ ያ ፊት መጣ፤ አሁን በየስልኩ ያለው። ደርበው እጁን ከፍ ሲያደርግ በዓይኔ ጥግ አየሁ፤ አቁሙ ማለቱ መሰለኝ። ዝም በሉ፣ ቀጥሉ ማለቱ ነበር። ካሜራው ከታንኳው ወደ እኛ ዞሯል። ከታንኳዎቹ ባለቤቶች አንዱ፣ ስሙን እንኳ የማላውቀው ዓሣ አስጋሪ፣ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ እየረገጠ መጥቶ ልጄን አነሣት። እኔ ብስክሌቱን ስጥል ቀድሞኝ ነበር።

በቀብሩም በድንኳኑም አንድ ጠብታ አልወጣትም። ሴቶቹ ደንግጣ ነው አሉ። አንዳንዷ በሹክሹክታ፣ «ፊልም ላይ ስታለቅስ ትውል የለ?» ትል ነበር። ደርበው ሦስቱንም ቀን ከወንዶቹ ጋር አብሮን ተቀመጠ፤ ከእድርተኛው ጋር አግዳሚ ተሸከመ፣ ውኃ ቀዳ፣ ከልቡ አለቀሰ። ስለ ምስሉ ግን ምንም አላለንም።

ከተዝካሩ በኋላ ፊልሙ በከተማው አዳራሽ ታየ፤ በፊተኛው ወንበር አስቀመጡን። ያ ትዕይንት እንደቀረ ነበር የማውቀው። በመጨረሻ ግን የልጄ ፊት እንደ ግድግዳ ትልቅ ሁኖ መጣ። የእኔን ድምፅ አውጥተው ዋሽንት አስገብተውበታል። አዳራሹ አለቀሰ፤ ከዚያ እንደ በረዶ አጨበጨበ። አትጠገብ ከጎኔ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «አባ፣ ውሸት መስሏቸው ነው የሚያጨበጭቡ» አለችኝ። እንዲህ ያለውን ነገር እኔ በማሽኑ ሥር ተኝቼ አላሰብሁትም ነበር። እውነት ያልሆነውን እንደ እውነት የሚያይ ሰው ይታለላል ብያት ነበር፤ እውነቱን እንደ ጨዋታ የሚያይ ሰውስ? ለእሱ ሕግ አላወጣሁለትም።

መብራቱ በርቶ ወደ መድረክ ጠሯት። ደርበው ድምፅ ማጉያውን ወደ አፏ አስጠግቶ፣ እስቲ ንገሪን፣ እንዴት እንዲህ አድርገሽ አለቀስሽ አላት። ሰዉ መልሷን ያውቃል፤ ገና ሳትናገር ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ልጄ ለገበያዋ ሴት እንደተናገረችው፣ ለተታለለ ሰው እንደሚነገረው፣ ቀጥ ብላ ተናገረች።

«ሽንኩርት አይደለም። እናቴ ሞታ ነው።»

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ሳቀ፤ ጭብጨባው ከፊተኛው በለጠ፤ በፊልሙ ውስጥ ያለችውን ልጅ ሁና መቀለዷ ነው ብለው። ሦስት ዓመት ያሳቀቻቸው በዚያችው ቃል ነበርና አፏ ሲከፈት መሳቅ ለምደዋል። ከመድረኩ ላይ ሆና እኔን ፈለገችኝ። «አባ፣ ንገራቸው» አለች፤ በድምፅ ማጉያው ተሰማ። ተነሣሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ውሸት ያልተናገርሁ ሰው ነኝ፤ የከተማው ሰው ግማሹ ያውቀኛል። «እውነት ነው» አልሁ። አባትየውም ተዋናይ ነው ብለው ለእኔም አጨበጨቡልኝ።

በማግስቱ ደርበውን ቤቱ ሄጄ አንገቱን ያዝሁት። አልታገለኝም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አንድም ውሸት አላስገባሁበትም» አለኝ። ለቀቅሁት። ከዚያ ወዲያ አልተገናኘንም።

አትጠገብ ግን መሥራቷን አልተወችም። ብዙ ሰው ያስገረመው ይህ ነው፤ እኔን አላስገረመኝም። በሌሎች አዘጋጆች ፊልም፣ በማስታወቂያ፣ በድራማ እየታየች አደገች። ሽንኩርቱ ቀርቶ ከትንሽ ብልቃጥ ዓይን ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር መጣ። ሰዎች አቅፈው ሲያጽናኗት «አመሰግናለሁ» ብቻ ትላለች። በደንብ መዋሸት ተማረች፤ ታላቅ ተዋናይ ናት ተባለ። ቤትም እንግዳ ሲመጣ «አባባ የሉም» ትል ጀመር። እኔንም ከአዳራሹ ቀን ወዲህ «አንተ» ብላኝ አታውቅም፤ ሰው ሁሉ እንዴት አድርጎ አሳድጓታል ብሎ አመሰገነኝ።

ትምህርቷን ስትጨርስ ሁሉንም በአንድ ቀን ተወችው። አሁን አዲስ አበባ ትኖራለች፤ ሥራዋ ፊልምና ማስታወቂያ ለሚሠሩ ሕፃናት መከራከር ነው። ቀረጻ ቦታ ድረስ ሄዳ ትቆማለች፤ ለማስለቀስ ተብሎ የሚቆነጠጥ፣ የሚራብ፣ ቡችላህ ሞተ የሚባል ልጅ እንዳይኖር ታስከለክላለች፤ ሕግ ይውጣ ብላ በየቢሮው ትመላለሳለች። አንድ ስብሰባ ላይ ባለሥልጣኑ «አንቺ ደግሞ እስቲ አታልቅሽብን» ብሏት ሰዉ ሳቀ አሉ። እሷ ግን አታለቅስም። በሬዲዮ ሰምቻታለሁ፤ የሙቀት መጠን እንደሚያነብ ሰው ነው የምትናገረው። አንድ ቀን፣ ወላጆች ክፉ ወሬ ለልጅ ከመንገራችሁ በፊት መጀመሪያ ያዙት፣ አፋችሁ ከእጃችሁ አይቅደም ስትል ሰማሁ። ምሳሌ አድርጋም የአንድ አባት ታሪክ ተናገረች። አንድ አባት ብቻ ነው ያለችው። ስሜን ባትጠራው ደግነቷ ነው፤ ሬዲዮውን ግን ዘጋሁት።

መብራት የጠፋ ዕለት፣ ሰዉ ስቆ ሳይጨርስ፣ ስልኬ ጠራ። እሷ ነበረች። ጤንነቴን ጠየቀች፣ ጉልበቴን ጠየቀች፣ ዝናቡን ጠየቀች። ከዚያ እንዲህ አለች፦

«አባ፣ በእድሩ ግሩፕ የሚላክ አንድ ነገር አለ ብለው ነገሩኝ። አይተውታል?»

ልጄ ከሠላሳ አልፋለች። እንዲህ ባለ ድምፅ ጠይቃኝ የምታውቀው ግን አንድ ጊዜ ነው፤ መልሱን ስትፈራ ድምፅዋ ከመጨረሻው ይቀጥናል። አጠገቧ የሚይዛት ሰው አልነበረም፤ በግራም በቀኝም፤ በስልክ ነው ያለችው፣ መኪና ይሰማል፣ መንገድ ላይ ናት፣ ቆማ ነው።

«አላየሁም» አልኋት።

«እውነት?»

«እውነት።»

ስትተነፍስ ሰማኋት። «ተመስገን» አለች። «እርስዎ ካላዩት ግድ የለኝም።» አመነችኝ። ለምን አታምነኝም፤ ዋሽቼያት አላውቅም። ያ ዕድሜ ልኬን ያጠራቀምሁት እውነት ሁሉ ለዚያች ለአንዲቱ ውሸት ዋስ ሆነኝ። እንደዚያ ቀላል ናት ብዬ አላስብም ነበር፤ አፍ ላይ አትከብድም፣ ምላስ አታቃጥልም። መሪጌታ ጥበቡ በሕይወት ቢኖሩ ሄጄ እነግራቸው ነበር። ለዘጠኝ ዓመቷ ልጅ የነፈግኋትን ለጎልማሳዋ ሰጠሁ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ግን እዚያው ደንገሉ ዳር እንደቆመች ናት፤ ማንም ሄዶ ሊያመጣት አይችልም።

ወደ ማታ መብራቱ መጣ። የባጃጁ ልጅ ለደስታም ያንኑ ፊት መልሶ ላከው። ይህን ጊዜ በጣቶቼ ከፍቼ አሰፋሁት፣ የልጄ ጉንጭ ከማያ ገጹ እስኪወጣ ድረስ፣ ጥቁሩ ነገር ብቻ እስኪቀር። ሳሰፋው ይደበዝዛል። እጅጌው ግን ይታያል፣ ከእጅጌው ጫፍ እጅ ይታያል፣ ጣቶቹ እንኳ ይታያሉ። ብስክሌቱን ከሸጥሁት ብዙ ዘመኔ ነው። እጁ አሁንም አጥብቆ ይዞታል።